የወንድም ሩዝ

በሺህ ስምንት መቶ ሰባ ሁለት ዓመት፣ በግንቦት ወር መጨረሻ፣ ከባሕር የሚነፍሰው የጠዋት ነፋስ ገና ሳይሞቅ፣ ጭስ የሚተፋ አንድ ትልቅ መርከብ ወደቡ ገብቶ መልሕቁን ጣለ። ዘመኑ በእንፋሎት የሚሄዱት መርከቦች ባለ ሸራዎቹን ከባሕር ማባረር የጀመሩበት ነበር፤ ቀድሞ በነፋስ ምሕረት ወራት ይፈጅ የነበረው መንገድ በሳምንታት የሚያልቅበት፣ የጭነት ኪራይ የረከሰበት፣ ከሩቅ ምሥራቅ የተነሣ እህል ከጎረቤት አውራጃ በጋሪ ከመጣው ባነሰ ዋጋ ገበያ የሚቀርብበት ዘመን። በድንጋይ በተነጠፈው የወደቡ ዳርቻ ተሸካሚዎች ተሰልፈው ቆመዋል፤ ጆንያው ከመርከቡ ሆድ እየወጣ በየጀርባቸው ሲጫን፣ ከተቀደዱት ጥቂቶቹ ነጭ ፍሬ እየተንጠባጠበ ድንጋዩ ላይ ይበተናል። ሩዝ ነበር።

ከወደቡ ፊት ለፊት ባለው የስንዴ መጋዘን፣ በሁለተኛው ደርብ መስኮት፣ አንድ ሰው እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ ቆሟል። የአየሩን ጠባይ የሚመረምር ለመምሰል አልፎ አልፎ ወደ ሰማይ ቀና ይላል፤ ሰማዩ ግን አንድ ደመና እንኳ አልነበረበትም፤ ዓይኑም ወዲያው ተመልሶ ጆንያዎቹ ላይ ያርፋል። ይህ ሰው በከተማይቱ «ባለ ስንዴው» እየተባለ የሚጠራ የተከበረ ነጋዴ ነበር። የመርከቡ ጭነት ባለቤት ደግሞ «ባለ ሩዙ» የሚሉት የገዛ ታናሽ ወንድሙ ነበር። ወንድሙ እታች፣ ከተሸካሚዎቹ ጋር እየተቀላለደ፣ ባርኔጣውን እያውለበለበ ሲስቅ ይታየዋል፤ ሳቁ በመስኮቱ መስተዋት በኩል ባይሰማውም አንጀቱን አሳረረው።

«ይኸው ደግሞ መጣለት» አለ ለራሱ። «ባሕሩ እንኳ ለእሱ ያደላል።»

ሁለቱ የአንድ አባትና የአንዲት እናት ልጆች ናቸው። አባታቸው በሕይወት ሳሉ ከባሕር ማዶ እህል በማስመጣት የታወቁ፣ በነጋዴዎች ሸንጎ ከፍተኛውን ወንበር የያዙ ሰው ነበሩ፤ ሊሞቱ ሲያጣጥሩ ልጆቻቸውን ከአልጋቸው ግራና ቀኝ አቁመው ንግዱን ለሁለት ከፈሉት፤ ስንዴው ለታላቅየው፣ ሩዙ ለታናሽየው። በዚያን ጊዜ ስንዴ የከተማው ሁሉ ቀለብ ነበር፤ ሩዝን ግን ሆዱን የታመመ ሀብታም ካልሆነ የሚጠይቀው አልነበረም። ታላቅየው ከቀብር መልስ ለወዳጆቹ «አባቴ ለወንድሜ የበሽተኛ ምግብ አወረሱት፤ እኔን ጤነኛውን ሕዝብ ሰጡኝ» ብሎ ቀልዶ ነበር። ወዳጆቹም ስቀውለት ነበር።

ወንበሩን ግን አባት ለልጅ ማውረስ አይችልም። የሸንጎው ሕግ የሟች ወንበር ባዶውን እንዲቆይ፣ ከዚያም ሐዘኑ ሲያበቃ አባላቱ ተሰብስበው «ከተማይቱን ያበላት ማን ነው?» ብለው መርጠው እንዲያስቀምጡበት ያዛል። ታላቅየው ከልጅነቱ ጀምሮ የተመኘው ነገር ቢኖር ያንን ወንበር ነበር፤ ሀብትም ሚስትም ልጅም የመጡት ከዚያ በኋላ ነው። ምርጫው መጪው ዓመት አልፎ በተከታዩ መባቻ ይሆናል ተብሏል። ስለዚህ በመስኮቱ ላይ ቆሞ የሚያየው ነገር ለእሱ ሩዝ አልነበረም፤ በየጆንያው ከአባቱ ወንበር ላይ እየተቆረሰ ወደ ወንድሙ የሚሄድ ቁራሽ ነበር።

እውነቱን ለመናገር፣ በደለኛ ቢፈለግ ሌላ ሞልቶ ነበር። ስንዴ በሚበቅልባቸው አገሮች ዝናብ ሁለት መከር አከታትሎ ጠፍቷል፤ ስንዴው ገና ከምንጩ ተወዶ ነው መርከብ የሚሳፈረው። በዚያ ላይ በመላው ዓለም ብር በወርቅ ፊት እየረከሰ ስለ ሄደ፣ ያንኑ ስንዴ ለመግዛት ከቀድሞው የበለጠ ብር ማፍሰስ ግድ ሆኗል። ሩዝ አብቃዮቹ አገሮች ግን ዝናቡ በዝቶላቸው፣ የእንፋሎት መርከብም ደጃቸው ድረስ መጥቶላቸው ዋጋቸውን ጣሉ። ነገሩ ይኸው ነበር፤ ግን ሰው በዝናብ አይቀናም፣ በብር ዋጋም አይቀናም፤ የሚቀናው በወንድሙ ነው።

በዚያው ሳምንት ዳቦ ጋጋሪው ወደ መጋዘኑ መጣ። ከአባታቸው ዘመን ጀምሮ ደንበኛ የሆነ፣ ዱቄት ከቅንድቡ የማይለይ ሰው ነው። እንደ ወትሮው በጆንያዎቹ መካከል ቆመና ራሱን እያከከ፣ የሚወስደውን ስንዴ በግማሽ እንደሚቀንስ ተናገረ።

«ምነው፣ ታመምክ እንዴ?» አለው ባለ ስንዴው።

«እኔስ ደኅና ነኝ ጌታዬ፤ የታመመው ዳቦው ነው። ዋጋው እንዳይጨምር ብዬ መጠኑን አሳነስኩት። ትናንት አንዷ አንሥታ አየችውና 'ይኼን ለሰው ነው ወይስ ለወፍ የጋገርከው?' አለችኝ።»

«ትንሽ አጉረምርመው ይመለሳሉ። ሰው የለመደውን አይተውም።»

«አይ ጌታዬ! ሰው ዳቦን አልጠላም፤ ዋጋውን ነው የጠላው። መጀመሪያማ ሴቶቹ ሩዙን ሲቀቅሉት እንደ ሙጫ ይያያዝባቸው ነበር፤ እኔም ይኼን አይቼ ተስፋ አድርጌ ነበር። አሁን ለመዱት። ፍሬው አንድ በአንድ እየተለየ ይወጣላቸዋል።» ወዲያው ድምፁን ዝቅ አደረገና፣ «ምን እደብቅዎታለሁ፣ ባለቤቴም ለምዳለች» ሲል ጨመረ።

ባለ ስንዴው በዚያ ቀን ምሳውን ሊበላ ከመጋዘኑ ጀርባ ወዳለው ቤቱ ገባ፤ በማድቤቱ በር ሲያልፍ አንድ የማያውቀው ሽታ አፍንጫውን መታው። ገብቶ የድስቱን ክዳን አነሣ። ነጭ፣ ፍሬው አንድ በአንድ የተለየ ሩዝ እየተነፈሰ ነበር።

«ይኼ ምንድን ነው?» ብሎ ጮኸ።

ሚስቱ ነገር የማይከብዳት፣ ቁጣን በቀልድ የምትመልስ ሴት ነበረች። «ሩዝ ነዋ» አለች እጇን በሽርጧ እየጠረገች። «ምነው፣ ዓይንዎ ደከመ?»

«በስንዴ ነጋዴ ቤት? ሰው ቢያይሽስ?»

«እርስዎ አይደሉም እንዴ ባለፈው ወር 'ቤቱን በቁጠባ ያዙ' ብለው የተቆጡን? እኔም ቆጠብኩ። ለሠራተኞቹ ከመጋዘኑ ዱቄት ከማወጣ፣ ዱቄቱን እርስዎ ቢሸጡት፣ በዋጋው ሩብ ሩዝ ይገዛበታል፤ የቀረው ኪስዎ ይገባል። እርስዎ ነጋዴ ነዎት፤ እስቲ ሒሳቡ የቱ ጋ እንደ ተሳሳተ ይንገሩኝ።»

ሒሳቡ የትም አልተሳሳተም ነበር፤ ያናደደውም ይኸው ነው። «ከእሱ ነው የገዛሽው?»

«ታዲያ ከማን ልግዛ? የሠራተኞቹን ከፍዬ ነው። የእማማን ግን 'ለእናቴ አልሸጥም' ብሎ በነፃ ይልካል።»

አሮጊቷ እናት በማድቤቱ ጥግ፣ ዝቅተኛ ወንበር ላይ ተቀምጠው፣ ሳህናቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው በማንኪያ እየበሉ ነበር። ጥርሳቸው ካለቀ ቆይቷል። «ልጄ ይባረክ» አሉ፣ ቀና ሳይሉ። «ዳቦውስ ድዴን ያቆስለኝ ነበር፤ ይኼ ሳይታኘክ ይወርዳል። ለልጄ ዕድሜ ይስጥልኝ!»

የትኛውን ልጃቸውን እንደ መረቁ ማብራራት አላስፈለጋቸውም። ባለ ስንዴው የድስቱን ክዳን መልሶ ከደነ፤ ምሳውን ሳይበላ ወጣ። ሚስቱ ከኋላው «ኧረ ስንዴም አለ፣ ዳቦ ቀርቦልዎታል!» ብላ ብትጣራም አልተመለሰም። ሆዱ ሞልቶ ነበር፤ የሞላው ግን በእህል አልነበረም።

በማግስቱ ጥቁር ካፖርቱን ለብሶ፣ ጢሙን ተስተካክሎ፣ ወደ ጉምሩክ ቤት ሄደ። የጉምሩኩ ሹም የተቀመጡበት ክፍል ጣሪያው ሩቅ፣ ግድግዳው ኖራ የተቀባ፣ መስኮቱ ወደቡን የሚያይ ነበር፤ በአንድ ጥግ ትልቁ የነሐስ ሚዛን ቆሟል፤ የማኅተም ሰም ሽታ ከባሕሩ ጨው ሽታ ጋር ተቀላቅሎ ክፍሉን ሞልቶታል። ሹሙ ቀጭን፣ ሳል የማያጣቸው፣ ሰው ሲያናግራቸው ብዕራቸውን የማይጥሉ ሽማግሌ ነበሩ።

«ክቡር ሹም ሆይ» አለ ባለ ስንዴው እጅ ከነሣ በኋላ፣ «የመጣሁት ስለ ራሴ ጉዳይ አይደለም።»

ሰው እንዲህ ብሎ ሲጀምር ጉዳዩ የራሱ እንደ ሆነ ሹሙ በረጅም አገልግሎታቸው አውቀውታል። «ይቀጥሉ» አሉት።

«የመጣሁት ስለ አገራችን ገበሬ ነው። ከባሕር ማዶ የሚገባው ሩዝ ገበያውን አጥለቀለቀው፤ ገበሬው ያመረተውን የሚገዛው አጣ። እንባውን የሚያብስለት የለም» ብሎ ዓይኑ እንባ አቀረረ። ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም ይባላል፤ ያለቀሰው ግን ለገበሬው እንዳልሆነ እሱም ያውቀዋል፤ በዕድሜው ከገበሬ ጋር የተነጋገረው መንገድ ጠፍቶት ሲጠይቅ ብቻ ነበር።

ሹሙ ሳላቸውን ጨርሰው፣ «እንዲያው ልጠይቅዎትና» አሉ፣ «ገበሬያችን ሩዝ ያበቅላል?»

«አያበቅልም፣ ክቡር ሆይ።»

«ምን ያበቅላል?»

«ማሽላ፣ ገብስ... ጥቂትም ስንዴ።»

«ስንዴ!» አሉ ሹሙ ብዕራቸውን አንሥተው። «ታዲያ የገበሬው ባላጋራ የወንድምዎ ሩዝ ነው ወይስ የእርስዎ ስንዴ?»

የነጋዴ አፍ ግን መውጫ አያጣም። «ክቡር ሆይ፣ ርካሽ እህል ሲገባ ሌላውን እህል ሁሉ ይዞ ይወርዳል። ሰው ሩዙን ሲያገኝ ስንዴውንም ይተዋል፣ ማሽላውንም ይተዋል። ገበሬው ዋጋ ካጣ ደግሞ ለራሱ ጎተራ የሚበቃውን ብቻ ያርሳል። አንድ ቀን መርከቡ የቀረ እንደ ሆነ ምን እንበላለን?» ይህን ተናግሮ ሲያበቃ ራሱ ደነገጠ፤ ሊዋሽ መጥቶ እውነት ከአፉ አመለጠው።

ሹሙም ይህ ነገር ነካቸው። ከበላይ ሹማምንት «ብራችን በመርከብ ወጥቶ ማለቁ ነው» የሚል ወቀሳ ከደረሳቸው ብዙ አልቆየም። ጥቂት አሰቡና፣ «ቀረጥ ሲበዛ ዕቃው ይቀራል፤ ዕቃው ሲቀር ቀረጡም አብሮ ይቀራል፤ ይህን አውቃለሁ» አሉ። «ቢሆንም ላደርገው እችላለሁ። ካደረግሁት ግን በሁለቱም ላይ ነው። በአንድ ወንድም ላይ ብቻ አዋጅ ባስነግር አገር ምን ይለኛል? በሩዙ ላይ ከባዱን፣ በስንዴውም ላይ የዚያን ግማሽ እጥላለሁ። ይስማማሉ?»

ባለ ስንዴው በዚያች ሰዓት ስንዴ የጫነ አንድ መርከብ ባሕር ላይ ነበረው። አእምሮው በቦታው ያለ ነጋዴ ቢሆን ኖሮ «ይቅርብኝ» ብሎ፣ እጅ ነሥቶ በወጣ ነበር። እሱ ግን የጠየቀው ሌላ ነው።

«የሩዙ ቀረጥ የስንዴው እጥፍ ነው አይደል?»

«እጥፍ ነው።»

«እንግዲያው እስማማለሁ።»

ቅናት የአጥንት ነቀዝ ነው ይላሉ አባቶች፤ ነቀዝ ደግሞ የገባበትን ፍሬ ከውስጥ ጨርሶ ቅርፊቱን ደኅና አስመስሎ ይተወዋል። ባለ ስንዴው ከጉምሩክ ቤት ሲወጣ ያየው ሁሉ «እንዴት ያለ ግርማ ያለው ሰው ነው!» ብሎ ይሆናል።

አዋጁ በሐምሌ ወር፣ በገበያ ቀን፣ ነጋሪት ተጎስሞ በወደቡ አደባባይ ተነገረ፤ ከዚያች ቀን ጀምሮ በጉምሩክ በር የሚገባ ሩዝና ስንዴ ሁሉ አዲሱን ቀረጥ እንዲከፍል ተደነገገ። ሸማቾች ተንጫጩ፤ ተሸካሚዎች አንገታቸውን ደፉ። ባለ ስንዴው ደስታውን ብቻውን መዋጥ አቃተው፤ የወንድሙን ፊት ማየት አለብኝ አለ። ከአባታቸው ሞት ወዲህ የወንድሙን መጋዘን ደጃፍ ረግጦ አያውቅም፤ «ና ጎብኘኝ» ሲባል ሁልጊዜ ሥራ ይበዛበት ነበር። በዚያ ቀን ግን ሥራ አልበዛበትም።

ታናሽየው በሩን ራሱ ከፈተለት። «ጋሼ! እርስዎ ነዎት? ዛሬ ፀሐይ በየት ወጣች?» ብሎ ትከሻውን ስሞ አስገባው።

ባለ ስንዴው የሐዘን ፊት አዘጋጅቶ ገባ፤ ሁለት እርምጃ ሳይራመድ ግን እግሩ ተያዘ። መጋዘኑ ከወለል እስከ ጣሪያው ወራጅ ድረስ በሩዝ ጆንያ ታጭቋል። በመካከሉ ሰው በጎን ካልሆነ የማያሳልፍ ጠባብ መተላለፊያ ብቻ ቀርቷል፤ ከላይኛው መስኮት የገባው ብርሃን ጆንያው ላይ አቧራውን እያሳየ ይወርዳል።

«ይኼ ሁሉ... መቼ ገባ?»

«ከአባባ ሞት ጀምሮ የተጠራቀመ ነው። በመጣበት አገር ዋጋው ሲወድቅ ጊዜ ዝም ብዬ ገዛሁ። ሚስቴ 'አይጥ ልትቀልብ ነው?' እያለች ትሰድበኝ ነበር። እርስዎም አይተው እንዲመክሩኝ ስንቴ ላክሁብዎ፤ አልተመቸዎትም።»

ቀረጥ የሚከፈለው በበሩ ነው፤ አንዴ የገባን እህል ተመለስ ብሎ ቀረጥ የሚጠይቀው የለም። ይህን በወደቡ የሚውል ተሸካሚ ሁሉ ያውቃል፤ ባለ ስንዴውም ከማንም ይበልጥ ያውቃል። በሌላ ነጋዴ ላይ ቢሆን ኖሮ ቀረጥ ከማስጣሉ በፊት «በጎተራው ምን ያህል አለው?» ብሎ አስቀድሞ በሰለለ ነበር። በወንድሙ ላይ ግን ይህን አላደረገም፤ ለማወቅ ይህን በር መርገጥ ነበረበትና። አሁን ባወጣው ጉልበት ወንድሙን ባለ ጸጋ አድርጎታል፤ ከፊቱ የተቆለለው ሩዝ በአንድ የነጋሪት ድምፅ ዋጋው እጥፍ ሆኗል። ጉድጓድ ስትቆፍር አታርቀው ይሉ የለ?

«እንግዲህ ምን ይበጀኛል ጋሼ?» አለ ታናሽየው ጆንያውን በመዳፉ መታ መታ እያደረገ። «በስንት ልሽጠው?»

በዚያች ቅጽበት ለባለ ስንዴው ሌላ ሐሳብ መጣለት። «ዋጋው እጥፍ ሆኗል፤ አንተም በእጥፍ ሽጥ» አለው። «እንዲያውም ጨምርበት። ዕድሉን የገፋ ነጋዴ ዕድሉ ይገፋዋል። ሰው ለጊዜው ቢያማህ አትስማ።» ይህን ሲል በልቡ የሚታየው ሌላ ነበር፤ ሸማቾቹ በመጋዘኑ በር ተሰብስበው ሲራገሙ፣ የሸንጎው አባላትም ያንን እርግማን ሲሰሙ።

ታናሽየው የወንድሙን ፊት ረጅም ጊዜ ተመለከተ። «እሺ ጋሼ» አለ በመጨረሻ። «ምክርዎን ሰምቻለሁ።»

በማግስቱ መጋዘኑ ተከፈተ፤ ሩዙም በቀድሞው ዋጋ፣ ለአንድ ቤተሰብ በመስፈሪያ እየተለካ ይሸጥ ጀመር። ሰልፉ በጎዳናው ጥግ ዞሮ በባለ ስንዴው መስኮት ሥር አለፈ። ሴቶቹ «እግዜር ይስጠው! ቤቱን ይባርክ!» ሲሉ የሚሰማው እሱው ነበር። መስኮቱን ዘጋው፤ ሙቀቱ ግን በላብ ሲያጠምቀው መልሶ ለመክፈት ተገደደ፤ ምርቃቱም ከነፋሱ ጋር ገባለት።

የገዛ መርከቡ በነሐሴ ደረሰ። ቀረጡን ከፍሎ ያስገባው ስንዴ በወትሮው ውድነት ላይ ሌላ ውድነት ተጨምሮበት መጋዘን ገባ፤ የሚገዛው ግን አልነበረም። ድሃው የወንድሙን ርካሽ ሩዝ ይበላል። ሩዙ ሲያልቅ ደግሞ ማንም ወደ ስንዴው አልተመለሰም። ዳቦ ጋጋሪዎቹ ለመጀመሪያ ጊዜ ፊታቸውን ወደ ገጠር አዙረው፣ ገብስና ማሽላ ከጥቂት የአገር ስንዴ ጋር ደባልቀው መጋገር ጀመሩ፤ ዳቦው ጠቆር ብሎ ከበድ አለ፤ ዋጋው ግን ቀለለ። ወደቡ ጭር አለ። የባለ ስንዴው ስንዴ በሙቀቱ ነቅዞ፣ ዱቄቱ በጆንያው ስፌት እየተነነ፣ በመጨረሻ ለከብት መኖ በርካሽ ተሸጠ።

ታናሽየውም በበኩሉ አዲሱን ቀረጥ ከፍሎ ሩዝ ማስመጣት እንደማያዋጣው ገባው። ባሕሩ ሲዘጋበት ፊቱን ወደ የብስ መለሰ፤ በቅሎውን ጭኖ በየመንደሩ እየዞረ ከገበሬዎች ጋር ተዋዋለ፤ ለዘር የሚሆን ገንዘብ አበደራቸው፤ ጋሪ የሚያልፍበት መንገድ በገዛ ኪሱ አስጠረገ፤ ጎተራዎችም አሠራ። ገበሬውም እህሉ ገዢና ዋጋ ማግኘቱን ሲያይ፣ ጦም ያድር የነበረውን መሬት ሁሉ አረሰው።

አንድ ዓመት አልፎ፣ በተባለው መባቻ ሸንጎው ተሰበሰበ። «ከተማይቱን ያበላት ማን ነው?» ተብሎ ሲጠየቅ የብዙዎች ዓይን አስቀድሞ ወደ ታናሽየው ዞሮ ነበር። እጆች ሁሉ ወጡ። ባለ ስንዴውም ሰው ሁሉ ሲያየው ጊዜ እጁን አወጣ፤ በዕድሜው ካነሣው ሁሉ የከበደው ያ የገዛ እጁ ነበር። ወንድሙ በአባታቸው ወንበር ሲቀመጥ ቀርቦ «እንኳን ደስ አለህ» አለው።  ቤቱ ገብቶም እንደ ልጅ አለቀሰ። ሚስቱ ያን ቀን አልቀለደችም።

ከዚህ በኋላ ዓመታት አለፉ፤ አሮጊቷ እናትም አረፉ። ከዚያም በኃያላን መንግሥታት መካከል ጦርነት ተነሥቶ የጦር መርከቦች ባሕሩን ዘጉት። በዳርቻው ያሉ ሌሎች ወደቦች ረሃብ ሲገባባቸው፣ ይህች ከተማ ግን ከገጠሩ በሚመጣው ማሽላና ገብስ ችግሩን አለፈችው። ያኔ ነው ያረጁት የጉምሩክ ሹም በሸንጎው ፊት ቆመው «ይህን ቀን ቀድሞ ያየው፣ ስለ ገበሬው ሊለምነኝ የመጣው፣ በገዛ ስንዴው ላይ እንኳ ቀረጥ እንዲጣል የፈቀደው እሱ ነው!» ብለው ባለ ስንዴውን በጣታቸው ያመለከቱት። አዳራሹ በጭብጨባ ተናወጠ። አገረ ገዥው የክብር ሜዳልያ እንዲሰጡት በሸንጎው ስም የጠየቀው የወንበሩ ባለቤት፣ ታናሽ ወንድሙ ነበር።

ሜዳልያው ደረቱ ላይ ከተንጠለጠለ በኋላ ሁለቱ ወንድማማቾች የሸንጎውን ደረጃ ጎን ለጎን ወረዱ። ታላቅየው ከዚያ በላይ መቻል አቃተው።

«ታውቅ ነበር?» አለው ቆም ብሎ።

«ምኑን ጋሼ?»

«ቀረጡን የጠየቅሁት እኔ እንደ ሆንኩ።»

«በዚያ ሁሉ ጊዜ መጋዘኔ የመጡት አንድ ቀን ብቻ ነው፤ እሱም አዋጁ የተነገረ ዕለት» አለ ታናሽየው። «ይኼን ለማወቅ ጠንቋይ አያስፈልገኝም። ስለ ዋጋውም የመከሩኝን ሰማሁና ተቃራኒውን አደረግሁ። ምክርዎ በጣም ጠቅሞኛል።»

«ታዲያ ለምን ዝም አልክ? ዛሬስ ለምን አስመሰገንከኝ?»

«ገበሬው ማሽላውን ሲዘራ ቀረጡ ከቅናት መጣ ወይስ ከደግነት ብሎ አልጠየቀም። እኔ ለምን እጠይቃለሁ?» ታናሽየው የወንድሙን ክንድ ያዘው። «ይምጡ፣ ደረጃው ያንሸራትታል።»

ቢሰድበው፣ ቢያዋርደው፣ ባለ ስንዴው ዕረፍት ባገኘ ነበር። ይቅርታው ግን እንደ እሳት ፈጀው። እስከዚያ ቀን የቀናው በወንድሙ ሩዝ፣ በወንድሙ መርከብ፣ በወንድሙ ወንበር ነበር፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ የቀናው በወንድሙ ልብ ነው፤ ይህ ደግሞ ቀረጥ የማይጣልበት ነገር ነበር።

ታናሽየው ቀድሞ ሞተ። ከቀብሩ ጥቂት ዓመታት በኋላ፣ የዘመኑን ታሪክ እንዲጽፍ ከመናገሻው ከተማ የተላከ አንድ ጸሐፊ ወደ ባለ ስንዴው ቤት መጣ፤ ሽማግሌውም ብርድ ልብስ ደርቦ በመስኮቱ አጠገብ ተቀምጦ ተቀበለው። ጸሐፊው ስለ ቀረጡ የጻፈውን ምዕራፍ ድምፁን ከፍ አድርጎ አነበበለት፤ የሽማግሌው አርቆ አሳቢነት፣ ለገበሬው ያለው ፍቅር፣ ከገዛ ጥቅሙ አገሩን ማስቀደሙ በሚያምር ቃል ተጽፎ ነበር። አንብቦ ሲጨርስ ብዕሩን ቀለም ውስጥ ነከረ።

«ክቡርነትዎ፣ ወንድም እንደ ነበረዎት ሰምቻለሁ» አለ። «በዚህ ጉዳይ ላይ የሠሩት ሥራ ቢኖር፣ ስማቸው አብሮ ይግባ?»

ሽማግሌው አፉን ከፈተ። በቅሎው ላይ ሆኖ በየመንደሩ የዞረውን፣ መንገዱን ያስጠረገውን፣ ጎተራውን ያሠራውን ሰው አስታወሰ፤ አንድ ቃል ቢናገር ብዕሩ ይጽፈዋል። ያ ስም ከጎኑ ሲጻፍ ግን ታየው፤ የሚመጣው ትውልድ ሁለቱን ስሞች አስተያይቶ የትኛው እንደሚበልጥ ሲፈርድ ታየው፤ ያረጀ ልቡም እንደ ጥንቱ ተኮማተረ።

«እሱ የሩዝ ነጋዴ ነበር» አለ።

«ሌላ የሚጻፍ የለም?»

«የለም።»

ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም እንደሚባለው፣ መጽሐፉ ታትሞ ወጣ፤ ልጆችም በትምህርት ቤት የባለ ስንዴውን አርቆ አሳቢነት በቃላቸው አጠኑ፤ በወደቡ ፊት ያለው ጎዳናም በእሱ ስም ተጠራ። የታናሽየውን ስም የሚያውቁት በገጠር የነበሩ ጥቂት ገበሬዎች ነበሩ፤ እነሱም አንድ በአንድ አለቁ። ታሪክ ጸሐፊው ግን ቅን ሰው ነበር፤ የጻፈው ሁሉ የተነገረውን ነው።